ዐይን ስለሚባለው ቃል ለመምህራን የተነገረ



ዛሬ የማነሣው ቃል ሕፃን አፉን ሲፈታ ከሚማራቸው አንዱ ነው፤ ይኸውም ዐይን ነው። ቃሉ ለሁሉ የታወቀ ቢሆንም ትርጓሜው አንድ ብቻ አይደለም። በአሰላና በጭላሎ ግርጌ አማርኛ የሚያስተምር ሰው ይህን ባያውቅ ተማሪውን ያለ ጥፋቱ ያሳፍረዋል።

የአርሲ ልጅ በቤቱ ዐይንን «ኢጀ» ይላል። በኦሮምኛ የዛፍ ፍሬም የእህል ቅንጣትም «ኢጀ» ይባላል። ስለዚህ ልጁ በአማርኛ «የዛፉ ዐይን» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፥ ጓደኞቹ ቢሥቁበትም፥ በእናቱ ቋንቋ እውነት ተናግሯል። ግዕዝም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በግዕዝ ዐይን የሚያይ ብልት ሲሆን ውሃ የሚፈልቅበት ምንጭም ነው። በዕብራይስጥና በዐረብኛም እንዲሁ ነው። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተሸሸገበት ዐይንጋዲ ስሙን ያገኘው ከምንጩ ነው፤ ቁርኣን የቀሩ ሽማግሎቻችንም ይህን ትርጓሜ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ምንጭ ከምድር ውስጥ እያበራ እንደሚመለከት ሆኖ ስለሚታይ ይመስለኛል።

በመንደር አነጋገር ደግሞ ዐይን የእፍረት ማደሪያ ነው። የሚያፍረውን ዐይናፋር፥ የማያፍረውን ዐይን አውጣ ወይም ዐይነ ደረቅ እንላለን። በኦሮምኛ «ኢጀ ጀቤሳ»፥ ማለት ዐይነ ብርቱ፥ እንደ አነባበቡ ስድብም ምስጋናም ይሆናልና፥ ልጁን በችኮላ ዐይን አውጣ ከማለት በፊት የአገሩን ሽማግሌ መጠየቅ ይገባል።

ፊደል ስታስተምሩ «ዐይኑ ዐ» ትላላችሁ። ይህ ስም ለጌጥ የተሰጠ አይደለም። ከ3000 ዓመት በላይ አስቀድሞ የሴም ቋንቋ ተናጋሪዎች የዐይንን ሥዕል ለዚህ ድምፅ ምልክት አደረጉት፤ ሥዕሉም እየቀለለ ሄዶ ክቡ ብቻ ቀረ። ያ ክብ በደቡብ ዐረብ ፊደል በኩል ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ ዐ ሆነ፤ በፊንቄዎች በኩል ወደ ግሪክ፥ ከዚያም ወደ ላቲን አልፎ ኦ ተባለ። በአማርኛ የዐ ድምፅ ከአልፋው አ ጋራ ስለ ተደባለቀ ልጆች በሁለቱ ይሳሳታሉ፤ መልኩን ከስሙ ጋራ አያይዞ ማሳየት ከአለንጋ ይሻላል።

ከ1984 ዓ.ም. ውሳኔ ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፥ የአሰላ ልጅ ኦሮሞ የሚለውን ስም ሲጽፍ ያንኑ ክብ አራት ጊዜ ይሥላል። በሰሌዳው ላይ ያን ክብና የግዕዙን ዐ ጎን ለጎን ጻፉለት፤ ሁለቱም አስቀድሞ ዐይን እንደ ነበሩ ንገሩት።