አዲሱ ላፕቶፕ፦ ምን አስወጣንለት፣ ምንስ ተውንለት
(የሥልጠና ኮሚቴው በማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው በስጦታ ስለመጣልን ላፕቶፕ ነው። ካርቶኑ ላይ «ጌሚንግ» የሚል ቃል ስላለበት ገና ሳይከፈት ብዙ ተወራበት። «የልጆች መጫወቻ ለእኛ ምን ይሠራልናል?» ያሉ እናቶች አሉ። ከደጋፊዎቻችንም አንዷ «ለቁጠባ መዝገብ ርካሹ ኮምፒውተር አይበቃችሁም ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን እናስቀድም።

ለቁጠባ መዝገብ ብቻ ቢሆን ርካሹ ይበቃል። እኛ ግን ከአምና ጀምሮ የምንሸጠውን ነጠላና መሶብ በቪዲዮ እያሳየን ነው የምንሸጠው። ሴቶች ልጆቻችንም የጥልፍ ንድፍ በኮምፒውተር መሥራት ይማራሉ። አሮጌው የቢሮ ኮምፒውተር አንዲት አጭር ቪዲዮ አቀናብሮ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድር ነበር። የጌም ላፕቶፕ ከሌላው የሚለየው ምስል የሚሠራ ለብቻው የቆመ ክፍል፣ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት፣ የራሱ ሜሞሪ ያለው፣ ስላለው ነው። ያ ክፍል የተሠራው በጨዋታ ውስጥ መኪናው ሲሮጥ፣ ሰዉ ሲዘል ምስሉን ቶሎ ቶሎ እንዲስል ነው፤ ነገር ግን ቪዲዮ ሲቀናበርና እንደ ብሌንደር ባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ንድፍ ሲሠራም ሸክሙን የሚሸከመው ያው ክፍል ነው። «ጌሚንግ» የገበያ ስሙ ነው እንጂ ሥራ አይከለክልም።

ሌላም ምክንያት አለ። አሮጌው ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው፤ የዚያ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሳደግ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ የእኛው ደግሞ የለውም። የአባላት ስምና የቁጠባ ሒሳብ ያለበትን ነገር ጥገና በማያገኝ ማሽን ላይ ማስቀመጥ አልፈለግንም።

ነውሩንም እንንገራችሁ። ይከብዳል፣ ሲሠራ ይጮኻል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የእንዲህ ዓይነቶቹ ማሽኖች ቻርጀር ብዙ ጊዜ 180 ዋትና ከዚያም በላይ የሚስብ ስለሆነ ትንሽ ኢንቨርተር አይችለውም። ከቻርጀር ሲነቀል ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከባድ ሥራ መብራት ባለበት ሰዓት ይሠራ። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ሰኩ። አየር የሚስበው ከሥሩ ስለሆነ ጋቢ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ጉልበት ላይ አይቀመጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ብቻ። ከረከቦቱም ራቅ ይበል። የዕጣኑ ጢስ ለእኛ መልካም ነው፣ ለፋኑ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ አዘገጃጀቱ እንግባ። ማሽኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው ቋንቋና አገር ነው፤ ቀላል ነው። ቀጥሎ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ተነጋገርን፤ ምክንያቱም ማሽኑ የማኅበሩ ይሁን እንጂ አካውንቱ የአንዲት ሰው ከሆነ፣ ያች ሰው ስታገባ ወይም ዐረብ አገር ስትሄድ ቁልፉ አብሯት ይሄዳል። ስለዚህ በማኅበሩ ስም ኢሜይል ከፈትን፣ የቢሮውን ስልክ ቁጥር አስመዘገብን፣ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፈን ገንዘብ ያዣችንና ሒሳብ መርማሪያችን ብቻ በጋራ በሚከፍቱት የገንዘብ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥን። ልጆቹ የሚሠሩበት ሌላ ተራ አካውንት ተከፈተላቸው፤ በእሱ ገብተው ሥራ መሥራት ይችላሉ፣ የማሽኑን አቋም መለወጥ ግን አይችሉም።

ከዚያ ማሽኑ ተራ በተራ ይጠይቃል፦ ያላችሁበትን ቦታ ልወቅ ወይ፣ የምትሠሩትን ለድርጅቱ ልላክ ወይ፣ ለእናንተ የሚስማማ ማስታወቂያ ላቅርብ ወይ ይላል። ማስታወቂያውንና መላላኩን «አይሆንም» አልነው፤ ምንም አልጎደለበትም። ቦታ ማወቂያውን የፈቀድነው ቢሰረቅ ለመፈለግ እንዲረዳን ነው።

የኢንተርኔቱ ወጪ ብዙዎቻችሁን እንደሚያሳስባችሁ እናውቃለን። አዲስ ማሽን በመጀመሪያው ቀን የሚያወርደው ብዙ ነው፤ ዝም ከተባለ የወሩን ጥቅል በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል። ከመካከላችን አንዷ ቤቷ አሳድራው በሌሊት ጥቅል አወረደችው። ከዚያ በኋላ የቢሮውን ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን «ሜተርድ» አደረግነው፤ ይህን ሲያውቅ ዊንዶውስ አብዛኛውን ማሻሻያ በራሱ አያወርድም። በወር አንድ ቀን እኛው ፈቅደን እናስወርደዋለን። ማሻሻያውን ለዘለዓለም ማገድ ግን አይገባም።

ወደ ማጽዳቱ ስንመጣ፣ አዲስ የሚባል ላፕቶፕ ባዶ ሆኖ አይመጣም። ለሙከራ የተጫነ አንቲ ቫይረስ፣ ለሙከራ የተጫነ የጽሕፈት ፕሮግራም፣ ያልጠየቅናቸው ጨዋታዎች፣ ሲነኩ ወደ መደብር የሚወስዱ ምልክቶች ነበሩበት። አምራቾች እነዚህን የሚጭኑት ስለሚከፈላቸው ነው። ከሁሉ የሚከፋው የሙከራው አንቲ ቫይረስ ነው፦ ጊዜው ሲያልቅ በቀይ ጽሑፍ «አደጋ ላይ ናችሁ» እያለ ያስፈራራል፣ በዶላር ካርድ ክፈሉ ይላል። የማያውቅ ሰው ይደነግጣል። ዊንዶውስ ዲፌንደር የሚባል የራሱ መከላከያ አለው፤ ሌላው አንቲ ቫይረስ እስካለ ድረስ ይተኛል፣ ያኛው ሲወጣ ራሱ ይነሣል። ነፃ ነው፣ ለእኛም በቂ ነው። ለጽሕፈቱ ሊብሬኦፊስን ጫንን፤ እሱም ነፃ ነው።

የምናስወጣውን የለየነው ምስር እንደምንለቅም ነው። ሴቲንግ ውስጥ «አፕስ» የሚለውን ከፍተን ከላይ እስከ ታች አነበብን። የእያንዳንዱን ስም በደብተር ጻፍን፣ ሥራውን ጠየቅን፤ ሥራው ያልታወቀን ነገር አልነካነውም። ስናስወጣም አንድ በአንድ ነው፦ አንዱን አስወጥተን፣ ማሽኑን አጥፍተን አብርተን፣ ድምፁ፣ ዋይፋዩ፣ ስክሪኑ እንደነበረ መሆኑን አይተን ወደሚቀጥለው። ሦስት ቀን ፈጀብን። ከመጀመራችን በፊት ወደ ኋላ የሚመልስ «ሪስቶር ፖይንት» አስቀመጥን።

ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ ኤንቪዲያ፣ ሪልቴክ የሚል ስም ያላቸውን አትንኩ፤ ስክሪኑንና ድምፁን የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚል ስም ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ታያላችሁ፤ ድግግሞሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ሌሎች ፕሮግራሞች የቆሙበት መሠረት ነው። የአምራቹ መቆጣጠሪያ ፕሮግራምም አለ። በቀይና በአረንጓዴ መብራት ያጌጠ፣ ለወጣት ወንድ የተሠራ የሚመስል ነገር ነው፤ ልናስወጣው ተነሥተን ነበር። ስናየው ግን የፋኑን ጩኸት የምንቀንሰው፣ ባትሪውም ሁልጊዜ ተሰክቶ ስለሚውል 80 ከመቶ ላይ ቻርጅ ማድረግ እንዲያቆም የምናዘው በእሱ ነው። ስለዚህ ተውነው፤ የቁልፎቹን መብራት ብቻ አጠፋን። ልጆቹ አዝነዋል።

«ኮምፒውተር አጽጂ» እያሉ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዱንም አልጫንንም። ቆሻሻ ለማውጣት ሌላ ቆሻሻ ማስገባት ነው። አንድ ባለሱቅም «ፎርማት አድርጌ ንጹሕ ዊንዶውስ ከነሙሉ ፕሮግራሙ ልጫንላችሁ» ብሎን ነበር። ሙሉ ፕሮግራም ማለቱ የተሰበረ፣ ክራክ የሆነ ማለት ነው። የእኛ ማሽን ፈቃድ ተከፍሎበት የመጣ ነው፤ ፈቃዱም ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ እንደገና ብንጭን ያለ ክፍያ ያውቀናል። ለምን የተሰረቀ እንጭናለን? ቫይረስ የሚገባው በዚህ በር ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያስወጣነው ሁሉ ተደምሮ የለቀቀልን ቦታ ብዙ አይደለም። ትርፉ ሌላ ነው፦ ማሽኑ ሲበራ አብረውት የሚነሡት ስላነሱ ቶሎ ይከፈታል፣ ማንም በመሐል ብቅ ብሎ ግዙ አይልም፣ ተማሪዋም ያየችውን ምልክት ሁሉ ታውቀዋለች።

ስለ ቦታ ካነሣን፣ ካርቶኑ 512 ጊጋባይት ይላል፣ ማሽኑ ግን 476 ብቻ ያሳያል። «ተሰረቅን» ያላችሁ አላችሁ። አልተሰረቅንም። አምራቹ የሚቆጥረው በሺህ ሲሆን ዊንዶውስ የሚቆጥረው በ1,024 ነው፤ አንዱን እህል በሁለት ዓይነት ቁና መስፈር ነው። ትልልቆቹ ጨዋታዎች ግን አንዱ ብቻ ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ እንዲጫወቱ ተስማምተናል፣ አንከለክልም፤ በማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ግን አንድ ጨዋታ ነው፣ ሌላ ሲፈልጉ የቀድሞውን አውጥተው።

አሁን የምንናገረውን በተለይ የሥራ አመራሩ አባላት ልብ በሉልን። አዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ማሽኖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ በውስጣቸው ያለውን ሁሉ በቁልፍ ይቆልፋሉ። መልካም ነው፦ ሌባ ቢወስደው መዝገባችንን ሊያነበው አይችልም። ነገር ግን ማሽኑ አንዳንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ከተጠገነ በኋላ፣ «ባለቤቶቹ መሆናችሁን አሳዩኝ» ብሎ 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ የሚከፍተው ባለሙያ የለም፤ ማይክሮሶፍትም አይከፍተውም። የስንት ዓመት ቁጠባ መዝገብ እዚያው ይቀራል። ቁጥሩ በማኅበሩ አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ እኛም በሁለት ወረቀት ገልብጠን፣ ሁለት ሰው እየተቀባበለ አንብቦ አመሳክረን፣ አንዱን በገንዘብ ሳጥኑ፣ ሁለተኛውን በሊቀ መንበራችን ቤት አኑረናል። ዋናው የቁጠባ መዝገብ ደግሞ እንደ ድሮው በደብተርም ይጻፋል።

ዋንድራይቭ የሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሁሉ በራሱ ወደ ኢንተርኔት ይሰቅላል። በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ቪዲዮ ሲገባበት ወዲያው ይሞላል፣ ጥቅላችንንም ይበላል። ከዚህም በላይ የአባላት መታወቂያ ፎቶ ሳናውቅ እንዲወጣ አንፈልግም። መጀመሪያ ፋይሎቹ በማሽኑ ላይ መኖራቸውን አረጋገጥን፣ ከዚያ አቆምነው። ከኢንተርኔቱ ላይ ብቻ እናጥፋ ብላችሁ እንዳትነኩት፤ እዚያ የጠፋ እዚህም ይጠፋል። መጠባበቂያ ቅጂያችን በየወሩ መጨረሻ በውጪ ዲስክ ይወሰዳል።

የመጨረሻው ጉዳይ አማርኛችን ነው። የአማርኛ ኪቦርዱን ሴቲንግ ውስጥ ካለው የቋንቋ ክፍል ጨመርነው፤ ክፍያ የለውም። ኢንተርኔት የሚፈጅብን ጥቂት ነው። ችግሩ ያለው በድሮ ፋይሎቻችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመትም አገራችን የተጻፈው በየራሱ ፊደል ቅርጽ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘባርቆ ይታያል። የተበላሸ መስሎት የሚያጠፋው ሰው ይኖራል፤ አልተበላሸም። የተጻፈበት የፊደል ቅርጽ ማሽኑ ላይ ስለሌለ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ኮምፒውተር ከመስጠታችን በፊት በላዩ ያሉትን የፊደል ቅርጾች ሁሉ ገልብጠን ወደ አዲሱ እያሻገርን ነው። የምሥረታ ቃለ ጉባኤያችን ተከፍቶ ተነቧል፤ የሌሎቹን ዓመታት ገና በመሥራት ላይ ነን።

በቤታችሁ የማኅበሩን የድሮ ጽሑፍ በፍላሽ ወይም በሲዲ የያዛችሁ እናቶችና እህቶች አምጡልን፤ የሚነበብ ባይመስላችሁም አትጣሉት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ አለን። ፍላሹ ግን በየማተሚያ ቤቱ የዞረ ስለሚሆን መጀመሪያ ለእኛ ይሰጠን፤ ሳይመረመር አዲሱ ማሽን ላይ አይሰካም።