ኔትወርክ በሌለ ቀን የሚከፈት ደብተር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት መምህርት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት መምህርት ማስታወሻዋንና የዕለት ሥራዋን በስልክና በኮምፒውተር እንዴት እንደምታደራጅ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ተሳስቼ ስለ ተማርሁ ነው የምናገረው።

እዚሁ ደብረ ታቦር ሒሳብ አስተምራለሁ። የመምህር ሥራ ክፍል ገብቶ መውጣት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዓመታዊ ዕቅድ አለ፣ የዕለት ትምህርት ዕቅድ አለ፣ የስም መጥሪያ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተከታታይ ምዘና ውጤት አለ። ከመቶ የሚያዘው ውጤት ከአጫጭር ፈተና፣ ከቤት ሥራ፣ ከቡድን ሥራና ከማጠቃለያ ፈተና ተለቃቅሞ የሚደመር ነው። አራት ክፍል ይዤ በየክፍሉ ከ50 በላይ ተማሪ ሲኖረኝ፣ በአንድ ሴሚስተር ከ1,000 የሚበልጥ ቁጥር እጄ ላይ ይቀመጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ሁሉ በስልኬ ልያዘው ብዬ ተነሣሁ። አንዱን መተግበሪያ ለዕቅድ፣ አንዱን ለማስታወሻ፣ አንዱን ለቀጠሮ፣ አንዱን ለውጤት ብዬ አወረድሁ። ደብተሬንም ተውሁት። ሁለት ወር ያህል ሥራ የቀለለኝ መሰለኝ።

ሴሚስተሩ አልቆ ውጤት በምናስረክብበት ሳምንት ኔትወርክ ጠፋ። ውጤቱን የያዝሁበት መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ እኔም ስጀምር ይህን አላጣራሁም። ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ የልጆቹ ውጤት ግን እጄ ላይ የለም። የማስረከቢያው ቀን ስለ ደረሰ ልጆቹን እንደገና ልፈትናችሁ አልኋቸው።

ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች። በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቋን ለማምጣት ፋርታ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። «ቲቸር፣ ወረቀቶቼ እኔ ጋ አሉ» አለችና በፌስታል የጠቀለለቻቸውን የታረሙ ፈተናዎች አወጣችልኝ። አንድም አልጎደለም። የእሷ ውጤት እንዳለ ተመዘገበ። ወረቀታቸውን ያላስቀመጡት ደግመው ተፈተኑ። ከእነሱ መካከል አንዲቱ እናቷ ታመውባት አገር ቤት ስለ ነበረች ሳትፈተን ቀረች፣ ውጤቷም ጎድሎ ካርዱ ወጣ። ኔትወርኩ ሲመለስ ትክክለኛውን ቁጥር አገኘሁት። እሱን ለማስተካከል ግን ሁለት ሳምንት ተመላለስሁ። እናቷ ተሽሏቸው ሲመጡ፣ «መምህርት፣ ደብተር ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በኋላም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ያ ጥያቄ ልክ እንደ ነበር ሁላችንም አየነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ መተግበሪያ ሳይ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል ወይ? ይህን ለማወቅ ዳታውን አጥፍቶ መሞከር ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ የጻፍሁትን ሌላ ሰው በሌላ ስልክ ማንበብ ይችላል ወይ? ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ አሠራር ነበረው። ዛሬ ድሮ የተተየበ ፈተና ስንከፍት ፊደሉ ተዘበራርቆ የምናገኘው ለዚህ ነው። አሁን የምንጽፈው ሁሉ በዩኒኮድ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ስልኬ ቢጠፋ ወይም ብታመም ሥራዬን ማን ያገኘዋል? ቅጂ የሌለው ውጤት እንደሌለ ቁጠሩት።

ስለ ቀጠሮም ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ለጠዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ ስልኬን በ3 ሞላሁት። ስልኩ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ቀሰቀሰልኝ። ኤክሴልም ጳጉሜን አያውቅም። ስለዚህ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የምጽፈው።

ዛሬ አሠራሬ ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ ውጤት የምጽፈው ደብተር ላይ ነው። ዓርብ ማታ ስልኬ ላይ ወዳለው ኤክሴል እገለብጠዋለሁ፤ ድምሩን እሱ ይሠራልኛል። አንድ ቅጂ በፍላሽ ትምህርት ቤት ይቀመጣል። የዕለት ሥራዬን ስልኩ ይዞት በመጣው ተራ ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ። ቴሌግራም ለመላኪያ እንጂ ለማስቀመጫ አልጠቀምበትም። የተማሪዎችን ውጤትም ከስማቸው ጋር ግሩፕ ላይ አልለጥፍም፤ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣች ልጅ መሳቂያ መሆን የለባትም። የታረመ ወረቀት ስመልስም «ይህን አትጣሉ» እላለሁ።

እናቶቼ፣ ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ሳስበው ማኅበራችን ቀድሞ ያውቀዋል። የቁጠባችን ሒሳብ በጸሐፊዋ መዝገብ ላይ አለ፣ በእያንዳንዳችን የቁጠባ ደብተር ላይም አለ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራል። ነገ ሒሳባችን ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የአባላት ደብተር ይቅር የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ እባካችሁ አትቀበሉ። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ደብተሯን ይዛ ለልጇ ታስነብባለች። ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ግን በሰው ቃል ብቻ ልታምን ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ጋፋት ቅርባችን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚያ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገዱንም እያስጠረጉ መሄድ ነበረባቸው። ከባድ መሣሪያ መንገድ ይፈልጋል። ኮምፒውተር ስትሰጡን አመስግነን እንቀበላለን፤ ከእሱ ጋር ግን መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ ባትሪ፣ ጥቂት ፍላሽ፣ በአማርኛ የሚሰጥ የጥቂት ቀን ሥልጠና ጨምሩልን። መንገዱ ይኸው ነው።

ወረቀቷን በፌስታል የጠቀለለችው ልጅ ከእኔ ይልቅ መምህር ነበረች።