ኮሌጅ ለሚገባው ተማሪ ሊነግረው ስለሚገባው ነገር

(በእንጅባራ በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ስለ አገር ፍቅር ወይም ስለ ዕውቀት ክብር ብናገር ጭብጨባው ይበዛልኝ እንደ ነበር ዐውቃለሁ። እኔ ግን የቆምሁት ስለ አንድ ገጽ ወረቀት ለመናገር ነው። ይኸውም ማንኛውም ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ፥ ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት፥ ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችል ቦታ ሊለጥፈው የሚገባ፥ እኔ ግን ተለጥፎ አይቼው የማላውቅ ወረቀት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የታየው ቢኖር እስክጨርስ ይታገሠኝ።

በአገራችን በአዊ ፈረስ እንዴት እንደሚገዛ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው፥ በየዓመቱም ጥር 23 ቀን በዓላቸውን የሚያከብሩት ፈረሰኞቻችን ፈረስን በወሬ አይገዙም። አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ፤ ኮቴውን ያነሣሉ፤ ኮርቻውን አውርደው ጀርባው ቁስል እንደሌለበት ይመረምራሉ፤ ጐበዝ አውጥተው ያስጋልቡታል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ሻጩን «ዐመሉን ንገረኝ» ብለው ይጠይቁታል። የፈረሱን ነውር የደበቀ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ዐይኑን አቅንቶ ማየት ይቸግረዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምርመራ ለአንድ ፈረስ ነው። ያው አባት ፈረሱን ሸጦ ልጁን ኮሌጅ ሲያስገባስ ምን ይመረምራል? በር ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አንብቦ ይከፍላል። ሰሌዳው ላይ ያለው ግን የሻጩ ቃል ብቻ ነው።

የአጎቴን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ተወልዶ ያደገው ዳንግላ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ነጥቡ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስላልበቃው በአንድ የግል ኮሌጅ ቅርንጫፍ ተመዘገበ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ስሙን ብጠራው ነገሩ የዚያ ኮሌጅ ብቻ ይመስላልና። አጎቴ ለመጀመሪያው ዓመት ክፍያ በፋግታ ለኮማ የነበረችውን የዲከረንስ ደን አክስሎ ሸጠ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ከበረት አወጣ። በአራተኛው ዓመት፥ የመውጫ ፈተና የሚፈተኑት ስም ሲለይ፥ የልጁ ስም የለም። ቢጠየቅ ዕውቅናው ለኮሌጁ ዋና ግቢ እንጂ እርሱ ለተማረበት ቅርንጫፍ አልነበረም።

አጎቴ አልጮኸም፤ ማንንም አልሰደበም። «ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ነበረ እንጂ! ኮሌጁ ያውቅ ነበር፤ ፈቃዱ የተጻፈበትም ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ ነበር። ያላወቀው ከፋዩ ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ እኛም ያወቅነው አራቱ ዓመት ከሄደ በኋላ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። የከፍተኛ ትምህርትን ጥራት የሚመረምረው ኤጀንሲ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 351 ነበር፤ ሥራውን ዛሬ የያዘው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዕውቅና የሚሰጠውም በጅምላ ለኮሌጅ ስም አይደለም፤ ለትምህርቱ መስክ፥ ለደረጃው፥ ለአሰጣጡና ለግቢው ተለይቶ ነው። «ዕውቅና አለን» የሚለው ቃል ብቻውን የማይበቃው ስለዚህ ነው። የምን ትምህርት? በየትኛው ደረጃ? በቀን ነው በርቀት? በየትኛው ግቢ? ተብሎ መጠየቅ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስኳር የሚገዛ ሰው ይህ መብት ካለው ዕድሜውን የሚከፍል ተማሪ እንዴት ይነሣዋል?

ጊዜውም ጉዳዩን የሚያባብስ ነው። በ2016 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ዘጠና አራት፥ ዘጠና አምስት ያህሉ ሌላ በር ፈላጊ ናቸው። በር የሚፈልግ የተጨነቀ ልጅ ደግሞ በቀላሉ ይታለላል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 40.65 ነው። ከመንግሥት ተቋማት ከመቶ 62.37 ሲያልፍ ከግል ተቋማት ያለፈው ከመቶ 17.2 ነበር። ይህ ቍጥር በአገር ተሰማ፤ ሁላችንም አዘንን። ነገር ግን ይህ ድምር ነው። የዳንግላ ገበሬ ልጁን ወደ ድምር አይልክም፤ ወደ አንድ ኮሌጅ፥ ወደ አንድ የትምህርት ክፍል ይልካል እንጂ። በግል ተቋማት መካከል ደኅና አድርጎ የሚያስተምር አለ፤ ድምሩ እርሱንም ከሰነፉ ጋር አብሮ ያሳማዋል። በመንግሥት ተቋማት ውስጥም ደካማ የትምህርት ክፍል ሊኖር ይችላል፤ ድምሩ እርሱን ከብርቱው ኋላ ይደብቀዋል። ስለዚህ በየክፍሉ ተለይቶ መነገሩ ለታማኙ ጥቅም፥ ለአጭበርባሪው ጉዳት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ፤ የሌላውን ጕድፍ ስናወጣ የራሳችንን እንዳንረሳ። እኛ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምንማር «በነጻ» የምንማር ይመስለናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን ሥርዓት ሲያመጣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 እንዲከፍል፥ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ እየተቈረጠ እንዲመልስ ነበር ያዘዘው። ይህን ውል የምንፈርመው በምዝገባ ቀን፥ ፍራሽ በጀርባችን፥ ሰልፍ ከኋላችን ሆኖ ነው። ከመካከላችን አንብቦ የፈረመ እጁን ያውጣ! እኔ የኔን እጅ አላወጣም።

የመጀመሪያው ዓመት አልቆ የትምህርት ክፍል ስንመርጥስ? ምክር የምናገኘው ከየት ነው? ከመኝታ ክፍል ወሬ ነው። «እዚያ ውጤት ይሰጣሉ»፥ «እዚህ ሥራ አለ» ይባላል፤ ከዚያ ተነሥተን የሕይወታችንን መንገድ እንቈርጣለን። በዚያ ክፍል ስንት መምህር አለ? ቤተ ሙከራው ይሠራል ወይስ ተቈልፎ አቧራ ይጠጣል? ካቻምና ስንት ገቡ፥ ስንት ጨረሱ፥ ስንት የመውጫውን ፈተና አለፉ? ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይላሉ አባቶች፤ ያላየ ዐይን ግን ለልቡ ምን ያቀብለዋል?

በዚህ ላይ ከመምህራኖቻችን የሚመጣውን መቃወሚያ አስቀድሜ ሰምቼዋለሁ። «ተማሪ ሸማች አይደለም፤ ዕውቀትም የሱቅ ዕቃ አይደለም፤ ይህን ቋንቋ ወደ ትምህርት ቤት አታምጡብን» ይላሉ። እውነት አላቸው። እኔም መምህሬን እንደ ነጋዴ ማየት አልሻም። ነገር ግን ትምህርት ከሱቅ ዕቃ ይከብራል ካልን ጥንቃቄውም ሊበልጥ ይገባል እንጂ ሊያንስ አይገባም። የተቀደደ ሸማ ይመለሳል፤ የነቀዘ ጤፍ ይለወጣል። ያለፈ አራት ዓመት ግን ለማን ይመለሳል?

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ይላል። «የኛ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ አዲስ ነው፤ ቍጥሩ ከነባሮቹ ጋር ጐን ለጐን ሲታይ ያሳፍረናል፤ ጐበዙም ተማሪ ይሸሸናል» የሚሉ አሉ። መልሴ ይህ ነው። ቍጥሩ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ተማሪዎቹ በምን ውጤት ገቡ፥ የመምህር ጕድለት የት ላይ ነው፥ ዘንድሮ ምን ተሻሻለ ተብሎ ይጻፍ። ጕድለቱን የደበቀ የሚያገኘው ሐሜት ነው፤ የተናገረ ግን ረዳት ያገኛል።

ሆኖም ቍጥር ራሱ ሊዋሽ እንደሚችል አልሰውርም። «ከመቶ 90 አሳለፍሁ» የሚል ኮሌጅ መቶ ተማሪ አስገብቶ፥ ስድሳውን በመንገድ ጥሎ፥ አርባውን ብቻ አስፈትኖ፥ ሠላሳ ስድስት አሳልፎ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ከመቶ የገቡ ልጆች የበቁት ሠላሳ ስድስት ናቸው። ስለዚህ ያለፈው ቍጥር ከገባው ቍጥር ተነጥሎ እንዳይጻፍ አጥብቀን እንጠይቅ።

ይህ አሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በአሜሪካ አገር በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የመንግሥት የገንዘብ ርዳታ ያላቸው ተማሪዎች የሚማሩባቸው ኮሌጆች ከገቡት ውስጥ ስንቱ እንደ ጨረሰ ለተማሪና ለሚገባ ሰው እንዲያሳውቁ አስገድዷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የዚያ አገር የትምህርት መሥሪያ ቤት ኮሪንቲያን የተባለውን የኮሌጆች ኩባንያ፥ ምሩቆቼ ሥራ ያዙ እያለ ስለ ተናገረው የተሳሳተ ቍጥር፥ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ኩባንያውም በዚያው ወር ተዘጋ። እዚያም ሕግ እያለ ብዙ ሺህ ተማሪ ተጐድቷል። ልዩነቱ ውሸቱን ከእውነቱ ጋር የሚያስተያዩበት የተጻፈ ቍጥር መኖሩ ነው። እኛ ዘንድ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ውሸቱም ውሸት መባል አይችልም።

«በስልክ ላይ ይወጣል፥ በኢንተርኔት ይነበባል» የሚለንም አለ። መልካም ነው፤ ይውጣ። ነገር ግን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል እንደ ተቋረጠ አንርሳ። መንገድ ሲዘጋ ሄዶ ማየት አይቻልም፤ መስመር ሲጠፋ ከፍቶ ማንበብ አይቻልም። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን መስመር አይጠፋበትም። ደግሞም በአማርኛና በአውንግኛ ይጻፍ፤ ከፋዩ አባት የሚያነብለት ልጅ ቢኖረው እንኳ በራሱ ቋንቋ ሰምቶ እንዲፈርድ።

እንግዲህ ኅብረታችን ይህን እንዲወስን አሳስባለሁ። በየትምህርት ክፍሉ የሚለጠፈው አንድ ገጽ ስድስት ነገር ይኑረው፤

1ኛ. የዕውቅናው ቍጥርና የሚያበቃበት ቀን፥ ለየትኛው መስክ፥ ደረጃና ግቢ እንደ ተሰጠ፤

2ኛ. ከምዝገባ እስከ ምረቃ የሚከፈለው ገንዘብ በሙሉ፥ ትንንሹ ክፍያ ሳይቀር፤ በመንግሥት ተቋምም የወጪ መጋራቱ ልክ፤

3ኛ. ባለፉት ሦስት ዓመታት የገቡ፥ ያቋረጡና የጨረሱ ተማሪዎች ቍጥር፤

4ኛ. የመውጫ ፈተና የወሰዱና ያለፉ ቍጥር፥ ከገቡት ጋር ጐን ለጐን፤

5ኛ. የቋሚ መምህራን ቍጥርና የትምህርት ደረጃ፥ የሚሠራ ቤተ ሙከራና ወርክሾፕ፤

6ኛ. ከተመረቁት ውስጥ ተቋሙ ያሉበትን ጠይቆ ያረጋገጠው ስንት እንደ ሆኑና ምን እንደሚሠሩ።

መንገዱም አለን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፥ የተጠየቀውም ክፍል በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ ኅብረታችን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለራሳችን ዩኒቨርሲቲ ይጻፍ፤ የሰው ቤት ከማንኳኳታችን በፊት የራሳችንን በር እናንኳኳ። ቀጥሎ ለመምህራን ትምህርት ኮሌጁና ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹ፥ ከዚያም በእንጅባራና በዳንግላ ለሚያስተምሩት የግል ኮሌጆች ይጻፍ። የመጣው መልስ በዚህ ጋዜጣ ይታተም፤ ደብዳቤ ደርሶት ያልመለሰም «አልመለሰም» ተብሎ ያለ ስድብ ይጻፍ። ለክረምቱ ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ቅጂውን ይዘን ዳንግላ፥ አዲስ ቅዳም፥ እንጅባራና ቻግኒ ባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ጥቂት ወረቀት፥ ጥቂት ሙጫ፥ ጥቂት እግር ብቻ ነው የሚፈልገው።

አጎቴ ሌላ ልጅ አለችው። ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ትጉህ ተማሪ ናት። ባለፈው ሰሞን ቤታቸው ብሄድ አጎቴ ወደ ጓሮው አሳየኝና «ይህቺን ፈረስ ለእርሷ ይዣታለሁ፤ ግን ወዴት ልላካት? አንተ ዩኒቨርሲቲ ያለኸው ንገረኝ» አለኝ። የምነግረው አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ፥ ስለ ኮሌጅ ሲጠይቀኝ ከገበያ ወሬ በቀር በእጄ ምንም አልነበረኝም። እፍረቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ያ ሰው መልስ የሚጠብቀው እስከ መስከረም ነው። ደብዳቤው ዛሬ ተጽፎ ይፈረም ብዬ አሳስባለሁ።