የማጀት ሒሳብ
በምሥራቅ አዲስ አበባ ዳርቻ ስለ አነስተኛ ቅይጥ እርሻ ኑሮና ምግብ የቀረበ ንግግር



ስለ እርሻ በሚደረግ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ማሳው ነው። የመሬቱ ስፋት፣ የምርቱ ኩንታልና የገበያው ዋጋ በዝርዝር ይጻፋል፤ እህሉ ከጎተራ ወጥቶ ማጀት ሲገባ ግን የባለሙያው ብዕር ያርፋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ብዕሩ ባረፈበት ቦታ ሥራውን መቀጠል ነው። ምሳሌውም ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም፤ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ ወደ የረር ተራራ በሚወስደው ሜዳ ላይ የኖረው ገበሬ ቤት ነው።

ቦሌ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራባት ዙሪያዋን እርሻና ግጦሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው ጎሮን፣ ሰሚትንና አያትን አልፎ እስከ ቦሌ ለሚና ቦሌ አራብሳ ተስፋፍቷል። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና የአራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲገነቡ፣ የተነሣው ጤፍና ሽምብራ ሲዘራበት የኖረ መሬት ነው። አሁንም ቢሆን ከሕንፃዎቹ ጀርባ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ፈጽሞ አልጠፋም።

የዚህ አገር ገበሬ፣ አብዛኛው የቱለማ ኦሮሞ፣ መሬቱን በአንድ ዓይነት ሰብል አይሸፍንም። ጥቁሩ የመረሬ አፈር ክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማሳው ተደጋግሞ ከታረሰና በከብት ከተረገጠ በኋላ በሐምሌ ጤፍ ይዘራበታል። ሽምብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ተዘርተው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላሉ። ከቤቱ ጀርባ ጎመንና ድንች አለ፤ በግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ላሞች፣ የእርሻ በሬዎች፣ ጥቂት በጎችና ዶሮዎች ይገኛሉ።

የቤቱ ሥራ የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። እማወራዋ የወተቱን ዕቃ በወይራ ጭስ አጥና ላሞቹን ታልባለች። ከወተቱ ጥቂቱ ለልጆች ይቀራል፤ ሌላው ወደ ከተማ ደንበኞች ይሄዳል፤ የተረፈው ይረጋል። እርጎው ሲናጥ ቅቤ ይወጣል፤ አሬራው በእሳት ሲሞቅ አይብ ይሆናል፤ አጓቱም ለጥጃ ይሰጣል። ልጃገረዶቹ የበረቱን እበት ጠፍጥፈው ኩበት ያሰጣሉ። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ አብሲት ከተጣለበት በኋላም ኩበት በሚነድበት ምድጃ ላይ ይጋገራል።

ከእንጀራው ጋር የሚቀርበው ወጥ የሚታዘዘው በቀን መቁጠሪያው ነው። በኦርቶዶክሳውያኑ ቤት ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በላይ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ወተትና ቅቤ አይቀመስም። በዚያን ጊዜ ቤቱን የሚሸከመው ጥራጥሬው ነው፤ ሽምብራው ተቆልቶ፣ ተከክቶና ከቅመም ጋር ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል። የከተማውም የወተት ፍላጎት በጾም ስለሚቀንስ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። በፍስክ ደግሞ አይብና እንቁላሉ፣ በበዓልም ዶሮው ተራቸውን ይይዛሉ። ከብቱና ጥራጥሬው እንደ ሁለት ዘበኞች እየተፈራረቁ ቤቱን ይጠብቃሉ።

ይህ አሠራር ከምግብ ጥናት አንጻር ሲታይ ጠንካራ መሠረት አለው። በእህል ፕሮቲን ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን በጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። የሊጡ መቡካት ብረትና ዚንክ በሰውነት ውስጥ እንዳይሠርጉ የሚያግደውን ፋይቴት ይቀንሳል። ጎመኑ የቫይታሚን ኤ ምንጭ ይሆናል። የቅይጡ መፍረስ ምን እንደሚያስከትል ጓያ ራሱ ምስክር ነው። ከሌላ እህል ጋር በጥቂቱ ሲበላ የሚጠቅመው ይህ ጥራጥሬ፣ በችጋር ዘመን ለወራት ብቻውን ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል።

ጎተራው የሚጎድልበት ወቅት ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጓሮው ጎመን የቤቱ ዋና መከታ ይሆናል፤ በመስከረም «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ እሸቱ ይደርሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥም ጤፉ ይታጨዳል።

በርግጥ ቤቱ ሁሉን ነገር ከራሱ አያገኝም። ጨው፣ በርበሬ፣ ቡናና ዘይት ከገበያ ይገዛሉ። ሆኖም ግዢው የሚፈጸመው ከዚያው ቅይጥ በሚገኝ ትንንሽ ገንዘብ ነው። እንቁላሉ ለጨው፣ ኩበቱ ለበርበሬ፣ ወተቱ ለልጆች ደብተር ይሆናል። ጭዱም ከብት ይቀለብበታል፤ ከከብት የተረፈውን የጭቃ ቤት የሚመርግ ከተሜ ይገዛዋል። ከተማውም በበኩሉ ፉርሽካውን፣ ፋጉሎውንና የጠላ አተላውን ለላሞቹ ይልካል።

አሠራሩ ችግር የለበትም ማለት ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። በኩበት መልክ የነደደው ፍግ ለአፈሩ ሳይመለስ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጋገሩ፣ የውሃውና የኩበቱ ሸክም በሴቶች ትከሻ ላይ ያርፋል፤ በምድጃው ጭስ ዓይናቸውና ሳንባቸው ይጎዳል። የዚህን ኑሮ ዋጋ መገንዘብ ድካሙን መውደድ ማለት አይደለም።

ጉዳዩ ለዚህ ጉባኤ የሚቀርብበት ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ ይከፈላል። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ። በእርሱ የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ በሦስቱ ዓመታት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ ጨመረ። ይህ ታላቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን ማባዣው ምንም ያህል ከፍ ቢል ውጤቱ የሚወሰነው በሚባዛው ቁጥር ነው። ኩንታሉ ተቆጥሮ የልጆቹ ወተት፣ የክረምቱ ጎመን፣ የምድጃው ኩበትና የጥጃው አጓት ከመዝገብ ውጭ ከቀሩ፣ የተባዛው የኑሮው ግማሽ ብቻ ነው።

ካሳውን ተቀብሎ ከመሬቱ የተነሣ ቤተሰብ ይህንን ቶሎ ይረዳዋል። ጤፉን በገንዘብ መተካት ይቻላል። ዋጋ ተቆርጦለት የማያውቀው ወተት፣ ማገዶና ቅጠላ ቅጠል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ገንዘብ ይጠይቃል። በዓመቱ መጨረሻ ይገኝ የነበረውን ምርት በአንድ ጊዜ በገንዘብ የተቀበለ ቤት፣ በየማለዳው ይገኝ የነበረውን ወተት ከምን እንደሚገዛ ግራ ይገባዋል። የእማወራዋ እውቀትም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ መሬትን የሚለኩ፣ ሰብልን የሚገምቱና ምግብን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሦስት ነገሮችን ቢፈጽሙ መልካም ነው። አንደኛ፣ ግምቱ ከመሠራቱ በፊት የቤቱ ፍጆታ የክረምቱንና የበጋውን፣ የጾሙንና የፍስኩን ወቅት ባካተተ መልኩ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ለአባወራው ብቻ ሳይሆን ለእማወራዋም ይቅረብ፤ ስንት ቅል ተናጠ፣ ስንት ኩበት ነደደ የሚለውን የምታውቀው እርሷ ናትና። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ በሚሰፍርበት ቦታ ቢያንስ ጓሮና የላም ማሰሪያ የሚሆን ስፍራ በፕላኑ ውስጥ ይታሰብ።

ከተማ ማደጉ የማይቀር ነው፤ የሚያድግበትን መሬት የሚለቀው ገበሬም ከእድገቱ እኩል የመጠቀም መብት አለው። መብቱ በትክክል እንዲከበርለት ባለሙያው ሜትሩን ዘርግቶ ማሳውን ከለካ በኋላ ጎንበስ ብሎ ወደ ማጀቱ መግባት ይኖርበታል።