ከትእዛዝ በፊት የሚቀድም ዝግጅት
(ስለ ኮምፒዩተሮች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አተካከልና አሻሻል ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤት ደወል በተደወለ ጊዜ ተማሪው ሁሉ ይሰለፋል። ደወሉ ያለ ሰዓቱ በስሕተት ቢደወል የሚጠፋው የጥቂት ደቂቃ ትምህርት ብቻ ነው። ብዙ ኮምፒዩተሮችን ከአንድ ስፍራ የሚያዝዘው ሶፍትዌር የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን የሚጠፋው የዓመታት ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መሣሪያ በሚተከልበትም ሆነ በሚሻሻልበት ጊዜ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባውን ዝግጅት መመልከት ተገቢ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመካከል አንድ ሰርቨር ይቆማል፤ በያንዳንዱም ኮምፒዩተር ላይ የሰርቨሩ ወኪል የሆነ ትንሽ ፕሮግራም ይቀመጣል። ወኪሉ የኮምፒዩተሩን ዓይነትና የተጫኑበትን ፕሮግራሞች ለሰርቨሩ ያስታውቃል፤ አዲስ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩንም እየደጋገመ ይጠይቃል። በማይክሮሶፍት ኮንፊግሬሽን ማኔጀር ይህ ጥያቄ በተለመደው አሠራር በየ60 ደቂቃው ይደረጋል። በዚህ መንገድ አንድ ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ በብዙ መቶ ኮምፒዩተሮች ላይ ፕሮግራም ይጭናል፤ የጸጥታ ጉድለት ይደፍናል፤ ካስፈለገም ዲስካቸውን ፍቆ እንደ አዲስ ያዘጋጃቸዋል።

የዚህ ሥልጣን አደገኛነት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሜይ 2014 በአሜሪካ አገር፣ በአትላንታ ከተማ፣ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ታየ። ዊንዶውስ 7ን ለመጫን የተዘጋጀ ትእዛዝ ለተወሰኑት ብቻ መድረሱ ቀርቶ፣ በስሕተት ሰርቨሮች ሳይቀሩ ለዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ተላለፈ። የትእዛዙም መጀመሪያ ዲስክን እንደ ገና መክፈልና መፋቅ ነበረ። ስሕተቱ እንደ ታወቀ አዛዡ ሰርቨር እንዲጠፋ ተደረገ፤ ዳሩ ግን እስከዚያ ድረስ የገዛ ትእዛዙ ደርሶት እርሱም ራሱ ተፍቆ ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ይህን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያውስ ምንም ባናዝ ይሻላል» ይል ይሆናል። ይህም አያዋጣም። ማይክሮሶፍት በማርች 2017 አንድ የጸጥታ ጉድለት የሚደፍን ማሻሻያ አውጥቶ ነበር። በሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ማሻሻያው ባልደረሳቸው ኮምፒዩተሮች ገብቶ በዓለም ላይ ተሠራጨ። የብሪታንያ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት እንደ ገለጸው በእንግሊዝ አገር ከ236 የሕዝብ ጤና አገልግሎት ድርጅቶች ቢያንስ 81ዱ ችግር ደረሰባቸው፤ 6,912 የሕክምና ቀጠሮዎች መሰረዛቸውም ተረጋገጠ። እንግዲህ አንዱ ጥፋት ያለ ጥንቃቄ ከማዘዝ፣ ሌላው የሚገባውን በጊዜው ካለማድረስ የመጣ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ዝግጅት ነው።

የዝግጅቱ መጀመሪያ ቆጠራ ነው። ስንት ኮምፒዩተር አለ? ዕድሜው ስንት ነው? በያንዳንዱ ላይ ምን ተጭኗል? የተማሪዎች ውጤት የሚገኘውስ በየትኛው ነው? በተለይ የአማርኛ ሰነድ ባለበት መዝገብ ቤት አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉት የቀድሞ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ፎንቱ ከሚጫኑት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት።

ሁለተኛው ፈተና ነው። ትእዛዙ አስቀድሞ ለ5 ኮምፒዩተሮች፣ ቀጥሎ ለአንድ ክፍል፣ ከዚያ በኋላ ለቀሩት ይላካል። ከአምስቱም አንዱ አሮጌ፣ አንዱም የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ የሚሠራበትን የመሰለ ይሁን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። ሰርቨሮች ለብቻቸው ይመደቡ፤ ለተራ ኮምፒዩተር የታዘዘው ሊደርሳቸው አይገባም። ትእዛዙም ከመለቀቁ በፊት ስንት ኮምፒዩተር እንደሚነካ ሁለተኛ ሰው ቁጥሩን ይመልከት፤ ለ30 የታሰበው 600 ቢያሳይ እጅን መሰብሰብ ነው።

ሦስተኛው የመስመሩን ዐቅም ማስላት ነው። የ5 ጊጋባይት ጭነት በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመድረስ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። 40 ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው ከማእከል ቢወስዱት ሥራው ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ጭነቱ አንድ ጊዜ መጥቶ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ ሰርቨር ቢቀመጥና ሌሎቹ ከዚያ ቢወስዱ ግን መስመሩ የሚሸከመው አንዱን ብቻ ነው።

አራተኛው የጊዜ ምርጫ ነው። የፈተና ሳምንትና ውጤት የሚጠናቀርበት ወቅት ከሥራው ነጻ ይሁን። ሰዓቱም በጥንቃቄ ይጻፍ፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለው በኮምፒዩተሩ ላይ 8:00 ተብሎ ቢገባ፣ ትእዛዙ የሚፈጸመው ከጧቱ 2 ሰዓት ተማሪዎች በሚገቡበት ጊዜ ነው።

አምስተኛውና ዋነኛው መመለሻ መንገድ ነው። አዛዡ ሰርቨር ከመሻሻሉ አስቀድሞ የመረጃ ቋቱ ይቀዳ፤ ማሻሻያውም በቅጂው ላይ ይሞከር። ቅጂው ሰርቨሩ በማያዝበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ሰርቨሩ ሊፍቀው የሚችለው ቅጂ መጠባበቂያ አይባልምና። ቅጂ መኖሩም ብቻ አይበቃም፤ እንደሚመለስ በተግባር መታየት አለበት።

ለዚህ ሁሉ የሚጠፋው ጊዜ ብዙ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ወጣት ትምህርቱን ከጨረሰ ከዐሥር ዓመት በኋላ የውጤቱን ማስረጃ ሲጠይቅ፣ መዝገብ ቤቱ «በማሻሻያው ጊዜ ጠፍቷል» ብሎ ቢመልስለት የልጁን ድካም የሚተካለት ማንም የለም። ማዘዣው ቍልፍ ከመነካቱ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ይህ ልጅ ነው።