በስሜን ግርጌ ያለውን ቅርስ ማን ያነብበዋል?

ከደባርቅና ከዳባት ወዲያ ባሉት አምባዎችና ሸለቆዎች ቤተ እስራኤል የተባሉት ኢትዮጵያውያን አይሁድ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ እስራኤልን መሪ ረዳኢን፣ አፄ ሱስንዮስም በ17ኛው መጀመሪያ ሌላውን መሪያቸውን ጌዴዎንን ለማስገበር የዘመቱት ወደዚህ አገር ነው። ዜና መዋዕሉን ያጻፉት ያሸነፉት ነገሥታት ናቸው። የተሸነፉት ታሪክ በሰው አፍና በመሬቱ ላይ ቀረ። የመሬቱን ታሪክ ለማንበብ ደግሞ ከቆፋሪው በፊት የቦታው ሰው መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ውሃውን ተመልከቱ። የቤተ እስራኤል መንደር ከወራጅ ውሃ ብዙ አይርቅም ነበር፤ ከሌላ ወገን ሰው ጋር የተነካካ ሳይታጠብ ከወገኑ አይቀላቀልም ነበርና። ጎረቤቶቻቸው ይህን ሥርዓት «አትንኩኝ» ይሉት ነበር። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት የምትቆይበት የመርገም ጎጆ በመንደሩ ዳር ይሠራ፣ ዙሪያውም በድንጋይ ይከለል ነበር። የማኅበረሰቡ መነኮሳትም ከገዛ ምእመናናቸው ሳይቀር ተለይተው በታጠረ ግቢ ይኖሩ፣ ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጁ ነበር። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ዛሬ ከቦታው ቢደርስ የሚያየው የፈረሰ ካብ ብቻ ነው። የከብት በረት ነበር ብሎ ቢመዘግበው ማን ያርመዋል? ካቡ ለምን ከምንጩ በላይ እንደሆነ፣ በሩ ለምን ወደዚያ እንደዞረ የሚያስረዳው እዚያ የኖረ ወይም ከኖሩት የሰማ ሰው ነው።

ጆዜፍ ሃሌቪን የመሰሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች ትኩረታቸው በእምነቱና በመጻሕፍቱ ላይ ነበር። የመነኮሳቱን ግቢ የለካና ካርታ ያነሳለት አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች የቦታው ባለቤቶች ወደ እስራኤል ሄዱ። አጥሩ እዚህ ቀረ፤ ትርጉሙ ባሕር ተሻገረ።

ባር ክሪቡስ የተባለው አርኪዮሎጂስት ሥራውን ከዚህ ክፍተት ጀመረ። በእስራኤል ያሉትን የማኅበረሰቡን አዛውንት ጠየቀ፤ እዚህም መጥቶ ጎረቤት የነበሩትን አነጋገረ፤ ስሜን መናጣን የመሰሉ የገዳም ቦታዎችንም አጠና። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2022 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። እኔን የሚያስደስተኝ የሥራው ቅደም ተከተል ነው፦ ሰው ቀደመ፣ መለኪያው ተከተለ። የዓለም የአርኪዮሎጂ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ሰው አፅም ባወጣው የቨርሚሊየን ስምምነት የሟቾችንና የአካባቢውን ሕዝብ ፍላጎት በተቻለ መጠን ማክበር ይገባል ብሏል። ይህን ያስገደደው የአሜሪካን የመሰሉ ነባር ሕዝቦች ስለ አያቶቻቸው አፅም ያሰሙት ጩኸት ነው።

ግንብም ካብም የሌለበት ቅርስ ደግሞ አለ። በደቡብ ጎንደር የዋንዛዬ ፍል ውሃ ሕሙማን የሚጠመቁበት ነው። በፊንፊኔ (አዲስ አበባ) ኦሮሞዎች በመስከረም 2012 ዓ.ም. የምስጋና በዓላቸውን ኢሬቻን ሆራ በሚሉት ውሃ አጠገብ ዳግም አከበሩ። እንዲህ ባለ ቦታ ቅርሱ ውሃውና ወደ ውሃው የሚመጣው ሰው ነው፤ ሰውየው ከተነሣ ቆፋሪው የሚያገኘው እርጥብ መሬት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ከስሜን ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር በ2008 ዓ.ም. ገደማ ተነሥቶ ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ገብተዋል። ዋሊያውና ጓሳው እረፍት ማግኘታቸውን አልቃወምም፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከዩኔስኮ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። ነገር ግን እዚያ የሙስሊም ወንድሞቻችን የአያት መቃብር አለ፤ የቤት መሠረት፣ የምንጭና የእርሻ ስም አለ። ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬ እዚህ ደባርቅ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የቤተ እስራኤልን አዛውንት ፍለጋ ባሕር መሻገር አስፈልጎ ነበር፤ የግጭን ሽማግሌዎች ለመጠየቅ ግን መንገድ ማቋረጥ ይበቃል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲያችን መምህራንና የወረዳችን ባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ ፈቃደኛ የሆኑትን አባቶችና እናቶች ይዘን ወደ ግጭ እንውጣ፤ እነሱ እየመሩን የእያንዳንዱን ቦታ ስም በካርታ ላይ እናስፍር።