የእናት እንጀራ መባ አይሆንም

ንባብ፦ ማርቆስ 7፥9-13

የዛሬው መልእክታችን ልጅ እያላቸው ጧሪ ስላጡ ወላጆች ነው። ስታነቡት "ይሄ ለእከሌ ነው" አትበሉ፤ ለራሳችን እናንብበው።

በዚህ ክፍል ጌታ ኢየሱስ ፈሪሳውያንንና ጻፎችን ይገሥጻል። ሰዎቹ ጸሎተኞች ናቸው፤ ሕጉን ያስተምራሉ። ነገር ግን አንድ ወግ ነበራቸው፦ ሰው ንብረቱን "ቁርባን ነው" ካለ ወላጆቹ ከዚያ ንብረት ምንም አያገኙም። በእኛ አገር ቁርባን ሲባል ቶሎ ሌላ ነገር ይታሰበናል፤ እዚህ ግን ለእግዚአብሔር የተለየ ስጦታ፣ መባ ማለት ነው። እናም አባት ተቸግሮ ሲመጣ ልጁ "አባዬ፣ ልሰጥህ ነበር፤ ግን ለእግዚአብሔር ተስዬዋለሁ" ይለዋል። ንግግሩ መንፈሳዊ ነው፤ አባትየው ግን ጦሙን ያድራል። ጌታ ይህን የእግዚአብሔርን ቃል የሚሽር ወግ ብሎ ጠራው።

ወገኔ፣ የእኛስ ቁርባን ምንድን ነው? አንዱ አሥራቱን ሳያጓድል ያወጣል፣ ለኮንፈረንስ ያዋጣል፣ ለሕንፃ ግንባታ ቃል ይገባል፤ ገጠር ያለችው እናቱ ግን የደም ግፊት መድኃኒቷ ካለቀ ወር ሆኗታል። ሌላዋ በመዘምራን ከፊት ትቆማለች፤ ዓይኑ የደከመ አባቷን ካየችው ሦስት ዓመት አልፏል። ለምን ሲሏት "አገልግሎት በዝቶብኝ ነው" ትላለች። አሥራት አትስጡ፣ አታገልግሉ እያልኩ አይደለም። ስጡ፤ አገልግሉ። ከእናት አፍ የተነጠቀ እንጀራ ግን በእግዚአብሔር ፊት መባ አይሆንም!

ጌታችንን እዩት። በመስቀል ላይ የዓለምን ኃጢአት ተሸክሞ፣ በዚያ ሁሉ ጣር ውስጥ እናቱን አየ፤ ለሚወደው ደቀ መዝሙርም አደራ ሰጣት። ደቀ መዝሙሩም ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐንስ 19፥26-27)። ከዚያ የሚበልጥ አገልግሎት የማን ነው? እርሱ "ሥራ ላይ ነኝ" ካላለ እኛ ማን ነን?

ሐዋርያው ጳውሎስም በኤፌሶን ለነበረው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን አስቀድመው ይማሩ ይላል። ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቆጠራል፤ ከማያምንም ይከፋል (1 ጢሞቴዎስ 5፥4፣ 8)። ከባድ ቃል ነው! በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንኳ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ግዴታ ይጥላል። መንግሥት በሕግ የሚጠይቀውን አማኝ በፍቅር ሊያደርገው አይገባም?

እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከሎች ከጎዳና ከሚያነሷቸው አረጋውያን መካከል ልጆች ያሏቸውም አሉ። ማዕከሎቹን መርዳት መልካም ነው። ሆኖም ለማዕከሉ በስልክ ገንዘብ ልከን የራሳችንን እናት ብንረሳ ምን ይባላል? "ጧሪ ቀባሪ" እንላለን አይደል? ብዙዎቻችን በቀባሪነት እንበረታለን፤ ሲሞቱ ድንኳን ተክለን፣ ፎቶ አስለጥፈን፣ ለቀስተኛውን እናበላለን። በሕይወት ሳለች አንድ ብርድ ልብስ አልገዛንላትም።

"ጌታን ስቀበል ከቤት ያባረሩኝ እነሱ ናቸው" የምትል ወንድሜ፣ ቁስልህን አላቃልለውም። ወላጅን የማክበር ትእዛዝ ግን "ካመኑ" የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም (ዘጸአት 20፥12)። አባትህ ወንጌል ስትነግረው ላይሰማ ይችላል፤ ጋቢ ስታለብሰው ግን ያያል። ክፉ በደል ደርሶብሽ ከሆነ እህቴ፣ ልብሽ እስኪፈወስ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ከመጋቢሽ ጋር ተነጋገሪ። ቅርብ መሆን ባትችዪም በሌላ ሰው እጅ መርዳት ይቻላል።

በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራችሁ ለቤተሰብ የምትልኩ እህቶች፣ ጌታ ይባርካችሁ! ሸክሙ ግን የአንዲት ልጅ ብቻ መሆን የለበትም። እዚህ ያላችሁ ወንድሞች፣ "እሷ ትልካለች" ብላችሁ አትቀመጡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በዚህ ሳምንት ወንድምና እህት ተደዋወሉ። ማን በየወሩ ስንት ይሰጣል? ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል? ማን ሄዶ ያያል? የጤና መድን መዋጮዋ ተከፍሏል? ጣሪያዋ ያፈሳል? ብር የሌለህ፣ ጉልበትህ አለ፤ ውኃ ቅዳላት፣ እግሯን እጠብላት፣ አጠገቧ ቁጭ ብለህ አጫውታት። ቤተ ክርስቲያንም ማንም የሌላቸውን ታግዝ ዘንድ፣ ልጅ ያላት እናት በልጆቿ ትጦር (1 ጢሞቴዎስ 5፥16)።

አሁን አብረን እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ በመስቀል ላይ ሆነህ እናትህን ያሰብክ አንተ፣ የረሳናቸውን አሳስበን። በስምህ የሸፈንነውን ቸልተኝነት ይቅር በለን። ዛሬ ብቻቸውን ያሉትን አባቶችና እናቶች ጎብኛቸው፤ እኛንም ላክልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ወገኔ፣ አሜን ካልክ ስልክህን አንሣና ደውል። ጌታ ይባርካችሁ።